የሚሮጠውን ማስቀረት፦ የስፖርት ፎቶ ማንሻ ካሜራ በአቅም እንዴት ይመረጣል?

በዛሬው ጽሑፋችን በየቤቱ ወላጅንና ልጅን የሚያከራክር አንድ ጉዳይ ልናነሣ ወደናል። ልጅ የሰፈሩን የእግር ኳስ ቡድን፣ የብስክሌት እሽቅድምድሙን ወይም የቴኳንዶ ግጥሚያውን ፎቶ እያነሣ፣ ውሎ አድሮም መተዳደሪያው ሊያደርገው ይመኝና «ካሜራ ግዙልኝ» ይላል። አባት ዋጋውን ሲሰማ ይደነግጣል። እናትም «በእጅህ ያለው ስልክ ምን ጎደለው?» ትላለች። ሁለቱም ወገን እውነት አላቸው። ካሜራ ለአንድ ቤተሰብ የብዙ ወራት ቁጠባ ነው። ለሥራው የማይሆን ካሜራ ከተገዛ ደግሞ ገንዘቡም ይባክናል፤ የልጁም ስሜት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ማወቅ የሚገባንን ነገር በየተራ እንመልከት።

ስልኩ ምን ጎደለው?

የእናት ጥያቄ ተገቢ ነውና ከእርሱ እንጀምር። ስልክ በቅርብ ያለንና የማይንቀሳቀስን ነገር አሳምሮ ያነሣል። ስፖርት ግን ሩቅ ነው፤ ፈጣንም ነው። ብዙዎቹ ስልኮች ሩቁን ለማቅረብ የሚሞክሩት ምስሉን ቆርጠው በማጉላት ስለሆነ የተጫዋቹ ፊት ይደበዝዛል። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰራቸውም ትንሽ በመሆኑ፣ ምሽት ላይ ወይም በአዳራሽ ውስጥ የሚሮጠው ሰው እንደ ጥላ ተጎትቶ ይወጣል። ከሜዳው ዳር ሆኖ ግብ ጠባቂውን ማንሣት ለሚፈልግ ወጣት ስልኩ አይበቃውም ማለት ነው።

ፍጥነትና ብርሃን

የስፖርት ፎቶ ምሥጢሩ ሸተር የሚባለው የካሜራው መዝጊያ የሚከፈትበት ጊዜ ማጠር ነው። በሰከንድ 10 ሜትር የሚሮጥ አትሌት አለ እንበል። ሸተሩ ለአንድ ስልሳኛ ሰከንድ ቢከፈት ሯጩ በዚያች ቅጽበት 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ፎቶውም ይበላሻል። በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ከሆነ ግን የሚጓዘው 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ እንኳ በዚህ ጊዜ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር አታልፍም። እንግዲህ ለሩጫና ለኳስ አንድ ሺህኛ፣ ለዝግታ እንቅስቃሴም ቢያንስ አንድ አምስት መቶኛ ሰከንድ ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ጊዜው ባጠረ ቁጥር የሚገባው ብርሃን ያንሳል። ጉድለቱን የሚሞሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ብርሃን በሰፊው የሚያስገባ ሌንስ ነው። ሁለተኛው አይ.ኤስ.ኦ. የተባለውን ቁጥር ከፍ አድርገን እስከ 3200 ብንወስደው ብዙም የማይበላሽ ሴንሰር ነው። በካሜራው ላይ ያለው ትንሽ ፍላሽ ግን መፍትሔ አይሆንም። ብርሃኑ ከጥቂት ሜትሮች አያልፍም፤ ተጫዋቹንም ያውካል።

ከካሜራው ይልቅ ሌንሱ

ብዙ ሰው «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ለጋዜጣና ለግድግዳ ፎቶ 18 ወይም 20 ሜጋፒክስል ከበቂ በላይ ነው። ይልቅስ መጠየቅ ያለበት «ሌንሱ ኤፍ ስንት ነው?» ተብሎ ነው። ኤፍ 2.8 የሆነ ሌንስ ከኤፍ 5.6 ይልቅ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። በሌላ አነጋገር፣ ባለ 2.8ቱ በአንድ ሺህኛ ሰከንድ የሚያነሣውን ባለ 5.6ቱ የሚያነሣው በሁለት መቶ ሃምሳኛ ነው።

ሆኖም ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ባለ 2.8 ሌንስ ውድ ነው። አቅም ለሌለው ሁለት መንገድ አለ። ውድድሩ በቀን በሜዳ ላይ ከሆነ የካነን ከ55 እስከ 250 ሚሊ ሜትር ያለውን፣ ወይም በኒኮን በኩል ከ70 እስከ 300 ያለውን ርካሽ ሌንስ መጠቀም ይቻላል። የቀትር ፀሐይ ጉድለቱን ይሸፍነዋል። ውድድሩ በአዳራሽ ከሆነ ደግሞ የማይሳበው የ50 ወይም የ85 ሚሊ ሜትር ባለ ኤፍ 1.8 ሌንስ ይመረጣል። ዋጋው መለስተኛ ነው፤ ብርሃንም በገፍ ያስገባል። ሩቁን በዙም ማቅረብ ስለማይችል ግን አንሺው በእግሩ መቅረብ ይኖርበታል።

የትኛውን እንግዛ?

ካነንና ኒኮን ፊታቸውን መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች ካዞሩ ወዲህ ባለመስታወቶቹ ያገለገሉ ካሜራዎች ዋጋቸው ወርዷል። ለባለ አነስተኛ አቅም ይህ መልካም አጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ካነን 7ዲ በሰከንድ 8 ፎቶ፣ በ2014 የተከተለው 7ዲ ማርክ 2 ደግሞ 10 ፎቶ ያነሣሉ። ሁለቱም ለስፖርት ታስበው የተሠሩና ጠንካራ ናቸው። በኒኮን በኩል በ2015 የወጣው ዲ7200 በሰከንድ 6፣ በ2016 የወጣው ዲ500 ደግሞ 10 ፎቶ ያነሣሉ። ቀላልና ትንሽ ካሜራ ለሚፈልግ በ2014 የወጣው ሶኒ ኤ6000 በሰከንድ 11 ፎቶ ያነሣል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። 7ዲ የሚጠቀመው የተለመደውን ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ሳይሆን ሲ.ኤፍ. የሚባለውን ነው፤ ካርዱና ማንበቢያው አብረው መታሰብ አለባቸው። የኒኮን ርካሾቹ የዲ3000 ተከታታይ ካሜራዎች ደግሞ በውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። የራሱ ሞተር የሌለው የድሮ ሌንስ ቢገጠምላቸው ፎከሱ በእጅ ብቻ ይሆናል፤ ለስፖርት ይህ አይሠራም።

ያገለገለ ስንገዛ

ገንዘባችንን ለዘመድ በአማና ልከን ከውጭ ብናስገዛም፣ እዚሁ ብንገዛም፣ የሚከተለው ይመርመር። ሸተር ዕድሜ አለው። የካነን 7ዲ ሸተር የተሠራው ለ150,000፣ የኒኮን ዲ500 ደግሞ ለ200,000 ፎቶ ታስቦ ነው። ኒኮን ካሜራዎች እስካሁን ያነሡትን ብዛት በፎቶው ፋይል ውስጥ ስለሚመዘግቡ ሻጩ አንድ ፎቶ አንሥቶ እንዲሰጠን እንጠይቅ። ሌንሱን በብርሃን ፊት አቁመን ስናይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነውና ይቅርብን። አፐርቸሩን ኤፍ 16 ላይ አድርገን ነጭ ወረቀት እናንሣ፤ በሴንሰሩ ላይ ያለው ቆሻሻ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። በመጨረሻም ወደ እኛ የሚሮጥ ልጅ በተከታታይ እናንሣና ፎከሱ ይከተለው እንደሆነ እንመልከት። የሚሸጥም ወጣት ጉድለቱን ሳይደብቅ ይናገር። የተደበቀ ጉድለት የገንዘቡን በረካ ያነሣል።

ከገዙ በኋላ

ካሜራው በራሱ ሥራ አይሠራም። ፎከሱን ተንቀሳቃሹን ወደሚከተለው ማድረግ ያስፈልጋል፤ በካነን ኤ.አይ. ሰርቮ፣ በኒኮን ኤ.ኤፍ-ሲ ይባላል። ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ ከግቡ ጎን ዝቅ ብሎ መቀመጥ የተጫዋቹን ፊት ያሳያል። ቁልፉ የሚጫነው ኳሷ ከተመታች በኋላ ሳይሆን ልትመታ ስትል ነው፤ ስለዚህ ስፖርቱን ማወቅ ግድ ይላል። ብስክሌት ሲያልፍ በአንድ ስልሳኛ ሰከንድ አብሮ በመዞር ቢነሣ ደግሞ ጋላቢው ጠርቶ መንገዱ ይደበዝዛል፤ ፍጥነቱ ይታያል። ሰዎችንም፣ በተለይ ሕፃናትንና ሴቶችን፣ ያለ ፈቃዳቸው አንሥቶ ማሠራጨት ነውር መሆኑን አንርሳ።

ለወላጆች የምንለው ይህ ነው፦ ልጃችሁ በመጀመሪያ ካሜራ ከጓደኛው ተውሶ ወይም ተከራይቶ ሁለት ሦስት ውድድር ያንሣ። በፀሐይ ቆሞ መዋሉን፣ መቶ አንሥቶ አምስቱን ብቻ መምረጡን ከወደደው ሥራውን ወዶታል። ያን ጊዜ በጀቱን አንድ ላይ ተቀምጣችሁ አስሉ፤ ግማሹን ለሌንስ፣ ቀሪውን ለካሜራው፣ ለባትሪና ለካርድ መድቡ። ለልጆቻችን ደግሞ፦ ወላጅ ከጉሮሮው ቀንሶ የገዛላችሁን ዕቃ ከአቧራና ከዝናብ ጠብቁ፤ ከመጀመሪያው ክፍያችሁም ኢንሻአላህ ለቤት አንድ ነገር ይዛችሁ ግቡ።