የራስ ኤዲተር፣ የሁሉም ፋይል

ኤዲተር ፕሮግራመር ውሎ የሚያመሽበት መጻፊያ ነው። ከወርድ የሚለየው ለውበት ግድ ስለሌለው ነው፤ ማድመቅና ማስመር አያውቅም፣ የተጻፈውን ፊደል ብቻ እንዳለ ፋይል ውስጥ ያኖራል። ሥራው ጠባብ ስለሆነ ለራሳቸው ሠርተው ለዓመታት ሳይነኩት የሚጠቀሙበት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኪሎ የተባለ ኤዲተር በሲ ቋንቋ 1,000 መስመር እንኳ አይሞላም። ኤዲተር ባይሆንም የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ የዶናልድ ክኑት ቴክ የዚሁ ጠባይ ምሳሌ ነው፤ ክኑት የመጽሐፉ የፊደል አደራደር ስላላስደሰተው የማተሚያ ፕሮግራሙን ራሱ ጻፈ፣ ዛሬ ስህተት ይታረምበታል እንጂ አዲስ ነገር አይጨመርበትም።

የእኛ ፊደል ለእንዲህ ያለው ሥራ ከሚታሰበው በላይ ይመቻል። የዐረብኛ ፊደል እንደ ጎረቤቱ መልኩን ይቀይራል፣ በሕንድኛ አናባቢው ከፊደሉ ላይ ይለጠፋል፤ «ላ» ግን ራሱን የቻለ አንድ ኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የፊደላት ኮድ መስፈርት፣ ዩኒኮድ 3.0፣ ለግዕዝ ፊደል 384 ቦታ ለይቶለታል። ሠሪው የሚጠነቀቀው ለሁለት ነገር ነው። ዩኒኮድ ፋይል ውስጥ በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ማጥፊያው ሲጫን ሦስቱም አብረው መጥፋት አለባቸው። ደግሞም «ሠ» እና «ጨ» ለላቲን ፊደል በተለካ ጠባብ ዓምድ ውስጥ አይበቃቸውም።

አሮጌ መሣሪያ ሙጥኝ ማለት ስንፍና ነው የሚል ይኖራል። ግን በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አፋን ኦሮሞን በቁቤ፣ አማርኛን በግዕዝ ፊደል ይጽፋል። ቁቤ በማንኛውም ኪቦርድ ይጻፋል፤ ለአማርኛው ግን ፓወር ግዕዝን ወይም ቪዥዋል ግዕዝን የመሰለ የቆየ መጻፊያ ፕሮግራም የለመደ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራል። ይህ ልማድ ሀብት ነው፤ ሜኑው በተቀየረ ቁጥር የሚባክነው የእሱ ጊዜ ነው። እኔ ከፕሮግራመሩ ምርጫ ለይቼ አላየውም።

የሚከብደው ሌላኛው ተቃውሞ ነው፦ ሠሪው ፕሮግራሙን ሲተወው ጽሑፉ ምን ይሆናል? ዩኒኮድ ላይ የተሠራ ከሆነ ምንም አይሆንም፤ ኤዲተሩ ቢሞት ሌላው ይከፍተዋል። የቀድሞዎቹ የአማርኛ ፕሮግራሞች ጉዳት እርጅናቸው ሳይሆን አቀማመጣቸው ነበር። በአንድ ባይት 256 ኮድ ብቻ አለ፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፣ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ሞልተው ይፈሳሉ። ስለዚህ ፊደሉ የላቲኑን ቦታ ይዞ በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ተከፈለ። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ፍላሹ ሲከፈት ማመልከቻው ዝብርቅርቅ የላቲን ምልክት ይሆናል። ወደ ዩኒኮድ ለመመለስም ለእያንዳንዱ ፎንት የየራሱ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል፤ ከኮዱ ጋር የፎንቱ ስም ካልታወቀ ፊደሉ አይለይም። ያን ፋይል ጥሬ ጽሑፍ አድርጎ ሴቭ ያደረገ ሰው ደግሞ የፎንቱን ስም አብሮ አጥፍቶታል።