ስም የሚያነሳ ዕዳውንም ያንሳ

 

አትክልት ተራ ዛሬም አትክልት ተራ ነው የሚባለው። የሽንኩርትና የቲማቲም ጅምላ ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ሄደ። ጥምቀት ሲቃረብ ጃንሜዳ ለታቦታቱ መለቀቅ ስለነበረበት እንደገና ተነስቶ ኃይሌ ጋርመንት ገባ። የታክሲ ረዳቱ ግን አሁንም «አትክልት ተራ!» እያለ ነው የሚጣራው፤ ተሳፋሪውም የት እንደሚወርድ አይጠፋውም። በእኛ ሰፈር፣ በመርካቶና አካባቢዋ፣ ስም ዕቃው ሄዶም ይቀራል። ቦምብ ተራ ገብቶ ቦምብ የሚጠይቅ ሰው የለም። ለሰፈር ይሄ ምንም አይደለም። ለሚሸጥ ዕቃ ግን ነገሩ ይለያል፤ ሰው በስሙ ተማምኖ ገንዘብ ያወጣልና።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ በቅርቡ ሱቄ የመጣ አንድ ወጣት ነው። ቆዳ ሰፊ ነው። እጁን አውቀዋለሁ፤ የሰፋው ቀበቶ ታጥፎ አይሰነጠቅም። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር» አለኝ። ከዓመታት በፊት የተዘጋ አንድ የቆዳ ሥራ ቤት ነበር። ስሙን አልጠቅሰውም፣ ምክንያቱ ወደ ታች ይገባችኋል። ቤቱ ዝናር፣ የሽጉጥ ማኅደርና የጠመንጃ ማንገቻ ይሠራ ነበር። ባለቤቱ አርፈዋል፣ ሠራተኞቹም ተበትነዋል። ዕቃው ግን እስከ ዛሬ በሰው ወገብ ላይ አለ፤ በጥበቃ ሥራ ያረጁ ሰዎች የቤቱን ስም ሲሰሙ ፊታቸው ይፈካል። ወጣቱ ለጥበቃ ድርጅቶች ማኅደርና ማንገቻ ሊያቀርብ አስቧል፤ በቆዳው ላይ የሚመታው ማኅተም የዚያ ቤት ስም ይሁን ይላል። «ባለቤት የለውም እኮ ጋሼ። እንዲያውም ስሙን ከመረሳት ማዳን ነው።»

ሐሳቡን ወደድኩለት። የሀገር ቆዳ በሀገር ልጅ እጅ ተሰፍቶ ሲሸጥ ማየት የሁልጊዜ ምኞቴ ነው። ቢሆንም ወዲያው «በርታ፣ ቀጥል» አላልኩትም። ለምን እንዳላልኩ እዚህ ላስረዳ።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ተራ ቀበቶ ቢበጠስ ሰው ያፍራል፣ ሌላ ይገዛል። የሽጉጥ ማኅደር ስፌቱ ሲለቅ ግን የሚወድቀው ሽጉጥ ነው፤ ምናልባትም የጎረሰ፣ ምናልባትም ሰው በተሰበሰበበት። ጥሩ ማኅደር ምላጩን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ጣትም ሆነ የልብስ ጫፍ አያስገባም። አፉ ከጊዜ ብዛት ልሞ ወደ ውስጥ መታጠፍ የለበትም፤ ከታጠፈ ሽጉጡ ሲመለስ ያ የታጠፈ ቆዳ ራሱ ምላጩን ሊስብ ይችላል። ማንገቻም ቢሆን ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው ዘለበቱ በተሰፋበት በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ዝናርን ያየ ሰው ደግሞ ጥይት በቆዳ ኪስ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲቆይ ናሱ አረንጓዴ ዝገት እንደሚያወጣ ያውቃል። ይህን የሚያመጣው ቆዳው የተለፋበት ነገርና በውስጡ የቀረው እርጥበት ነው። እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ ገዢው ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚያየው የትኛውን ነው? ክሩ በሰም ታሽቶ እንደሆነ፣ ቆዳው ከበሬው ጀርባ ይሁን ከሆዱ፣ በምን እንደለፋ አያይም። የሚያየው ማኅተሙን ነው። ዓይን ላልደረሰበት ሁሉ ዋስ የሚሆነው ያ ስም ነው። ለዚህ ነው የሞተ ስም ማንሳት በዚህ ንግድ ከሌላው ሁሉ የከበደ የሚሆነው።

በዓለም ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ተደርጓል። እኔን በጣም ያስተማረኝ የሬድፊልድ ታሪክ ነው። ጆን ሬድፊልድ በ1909 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ውስጥ ድርጅቱን አቋቋመ። የሚታወቀው ጠመንጃ ላይ በሚገጠመው ዕቃ ነው፦ ማነጣጠሪያ፣ የመነጽር መግጠሚያ፣ በኋላም መነጽሩ ራሱ። በቬትናም ጦርነት የአሜሪካ ማሪን አልሞ ተኳሾች ኤም 40 ጠመንጃቸው ላይ የገጠሙት የሬድፊልድን መነጽር ነበር። እንዲህ ያለ ስም ነው። በ1998 ፋብሪካው ተዘጋ። ስሙ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆየና በ2008 ሉፖልድ የተባለው የኦሪጎን መነጽር ሠሪ ገዛው። በ2010 «ሬድፊልድ» የተጻፈበት አዲስ መነጽር ገበያ ላይ ዋለ።

ሉፖልድ ከ1907 ጀምሮ የቆየ፣ በራሱ ስም የተከበረ ድርጅት ነው፤ ስለዚህ ያወጣው ዕቃ ጥሩ ቢሆን አያስገርምም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሉፖልድ የገዛው ስሙን ነው። ዴንቨር ውስጥ ያን መስታወት ሲሞርዱ የኖሩት ሰዎች ከስሙ ጋር አልመጡም። በ1960ዎቹ የድሮውን ሬድፊልድ የገዛና ዛሬ መስታወቱ የጨፈገገበት ሽማግሌ የማን ደንበኛ ነው? «ስሙ ያው ስም ነው» ብሎ አዲሱን ባለቤት ቢጠይቅ ጥያቄው ከንቱ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ስሙን ውድ ያደረገው የእሱ የዓመታት እምነት ነው።

የሬድፊልድ ነገር በዚህም አያበቃም። ከፋብሪካው ግቢ የወጣ የብረት ማጠቢያ ኬሚካል መሬት ውስጥ ሰርጎ የከርሰ ምድር ውሃውን በከለ፤ ትነቱ በአካባቢው መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ሳይቀር ተገኘ። የጽዳቱ ኃላፊነት የወደቀው ከቦታው ባለቤትነት ጋር የተያያዘ፣ ዋና ንግዱ ጫማ በሆነ ብራውን ግሩፕ በተባለ ኩባንያ ላይ ነው። እዩት እስቲ። ስሙ በአንድ በር ወጥቶ ተሸጠ፤ መርዙ በሌላ በር ቀረ። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል፣ የአሜሪካም የእኛም። እኔ ግን ከሕጉ በላይ የሆነ ነገር እንዳለ አምናለሁ፤ ወጣቱንም ያስቆምኩት ለዚህ ነው።

(የእንግሊዙን ዊልኪንሰንም በአጭሩ ላንሳው። መነሻው በ1772 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ኖክ የተባለ ጠመንጃ ሠሪ ለንደን ውስጥ የከፈተው ቤት ነው። በጎራዴና በሳንጃ ዓለም አወቀው። የጎራዴ ፋብሪካው በ2005 ተዘጋ፤ በስሙ ግን ዛሬም ሰው ጺሙን ይላጭበታል።)

አሁን ወደ ሀገራችን። እኛም በጦር መሣሪያ ሥራ የተነሳ ስም አለን፦ ጋፋት።

ጋፋት ደብረ ታቦር አጠገብ ያለ ስፍራ ነው። አፄ ቴዎድሮስ የእጅ ሙያ ያላቸውን የውጭ ሰዎች እዚያ አሰፈሩ። አብዛኞቹ በስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው ቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን የመጡ ናቸው፤ ያስመጣቸው የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ነበር። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ማየር፣ ቤንደር የሚባሉት እነሱ ናቸው። ሞሪትስ ሃል የተባለ የፖላንድ ሰውም ነበረበት። ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው ንጉሡ መድፍ አሠሯቸው። የመጀመሪያ ሙከራዎቻቸው አልሰመሩም፤ በመጨረሻ ግን ቀለጠ፣ ፈሰሰ፣ ቆመ። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን የሚጠጋ ክብደት ነበረው።

ስለ ሴባስቶፖል ሲወራ ሁልጊዜ ስለ ነሐሱ ነው የሚወራው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ተጓዳኙ ነው። ያን ያህል ክብደት ያለው ነገር ጋሪ ይፈልጋል፤ ጋሪው መንገድ ይፈልጋል፤ መንገዱ ደግሞ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሸለቆና በገደል መሃል አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጉዞው ተጀመረ፤ መቅደላ የተደረሰው መጋቢት ላይ ነው። በዚያ መሃል ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ መንገድ እንደሠሩ አብረዋቸው የነበሩት አውሮፓውያን ጽፈዋል። መድፉን ማቅለጥ አንድ ሥራ ነው፤ መድፉን መድፍ የሚያደርገው ዙሪያው ያለው ሌላ ሥራ ሁሉ ነው። ዝናርና ማንገቻ የሚሰፋ ሰው ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል ብዬ አስባለሁ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ወደቁ። የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ የጋፋት ባለሙያዎችም አብረው ወጡ። ዋልድማየር ሊባኖስ ሄዶ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ሞሪትስ ሃል ያፋ ወርዶ ኖረ። መድፉ መቅደላ አምባ ላይ ቀረ፤ ዛሬም እዚያው አለ። የእሱ አምሳል ከእኛ ሰፈር በእግር የሚደረስበት ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል። የሠራው እጅ ግን ተበተነ። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ «ጋፋት» የሚለው ስም እንደገና ተነሳ፤ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተሰየመበት። በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ማለትም ሜቴክ፣ ሲቋቋም ጋፋት ከሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ ጋር በሥሩ ገባ።

ይህን ስያሜ እደግፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ማንንም አያታልልም። ክላሽ የያዘ ወታደር «ይሄ የዋልድማየር እጅ ሥራ ነው» ብሎ አይሳሳትም፤ ስሙ መታሰቢያ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሆኖም ጋፋትን ሳስብ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ስሙን ለማንሳት አንድ ውሳኔ በቂ ነበር። በመሃል የጠፋውን ሙያ ለማንሳት ግን ሁሉም ከሀ መጀመር ነበረበት፤ ምክንያቱም ተቀብሎ ያስተላለፈ ትውልድ አልነበረም። ብረት ቀጥቃጩንና ቆዳ ፋቂውን ሲሰድብ የኖረ ማኅበረሰብ ሙያ የሚወርስ ልጅ ከየት ያገኛል? ባለሙያ እንዳይሰደብ አፄ ምኒልክ በአዋጅ ማስነገር አስፈልጓቸው ነበር። ስድቡ ዛሬም ከነጭራሹ አልጠፋም፤ ይህ ወጣት ቆዳ ሰፊ በመሆኑ ቤተሰቦቹ ዘንድ ምን እንደሚባል ነግሮኛል።

ሕጉ ምን ይላል? የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ። የተመዘገበ ምልክት ለ7 ዓመት ይጸናል፤ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ያልታደሰ ይወድቃል፤ ለተከታታይ 3 ዓመት ሥራ ላይ ያልዋለም እንዲሰረዝ መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ «ባለቤት የለውም» የሚለው አባባል በገበያ ወሬ የሚወሰን አይደለም፤ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዶ መዝገብ ማስፈተሽ ያስፈልጋል። ከዚያ በተጨማሪ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ጠመንጃና ሽጉጥ አካባቢ የሚሠራ ሰው፣ የሚሰፋው ቆዳ ብቻ ቢሆንም፣ መቁረጫውን ከማንሳቱ በፊት ይህን አዋጅ አንብቦ ያልገባውን ፖሊስ ሄዶ ይጠይቅ። ለማን እንደሚሸጥም በደረሰኝ ይያዝ።

መዝገቡ ነፃ ሆኖ ቢገኝስ? ለወጣቱ ያልኩት ይህን ነው። መጀመሪያ የሟቹን ልጆች ፈልግ። ሕግ ባያስገድድህም ቡና ይዘህ ሂድና ፈቃዳቸውን ጠይቅ፤ እምቢ ካሉ ተወው፣ የራስህን ስም ምታበት፣ እጅህ አያሳፍርም። እሺ ካሉህ ከድሮ ሠራተኞቹ በሕይወት ያለ አንድ ሰው እንኳ አግኝ፤ ክሩን በምን ያሹት እንደነበር፣ ቆዳውን ከየት ያመጡ እንደነበር ይንገርህ፤ ለሚያጠፋው ጊዜ ክፈለው። በማኅተሙ ላይ ዓመተ ምሕረት ጨምር፣ ገዢው የድሮው ዕቃ እንዳይመስለው። ከሁሉም በላይ የዚያን ቤት አሮጌ ማኅደር ይዞ የመጣ ሰው ስፌቱ ለቆ ከሆነ ሳታስከፍል ስፋለት።

ይቺ የመጨረሻዋ አላስደሰተችውም። «እኔ ያልሸጥኩትን?» አለ። አዎ፣ አንተ ያልሸጥከውን። የምትፈልገው አሮጌውን ማኅደር ይዞ የሚመጣውን ሽማግሌ እምነት አይደለም እንዴ? እሱ ለ20 ዓመት ወገቡ ላይ ታጥቆ ያቆየልህን ስም ነው በነፃ የምትወስደው። ሁለት ክር ብታጠፋለት ምንህ ይጎድላል? ጥቂት ዝም አለና «አሮጌውን ስሰፋማ አሠራሩንም አያለሁ» አለ። ልክ ነው። እያንዳንዱ አሮጌ ማኅደር ሲፈታ ትምህርት ነው።

የቤቱን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ቤተሰቡ ገና ስላልተጠየቀ ነው። ከእናንተ መሃል ግን መርካቶ ውስጥ ወይም አካባቢዋ የተሰፋ አሮጌ ዝናር፣ የሽጉጥ ማኅደር ወይም ማንገቻ በቤቱ ያለ ካለ፣ ከውስጥ በኩል ያለውን ማኅተምና የስፌቱን ጥግ ፎቶ አንስቶ በውስጥ መስመር ይላክልኝ። መሣሪያውን አታንሱ፣ ቆዳውን ብቻ። በዚያ ሙያ የሠራ አባት ወይም አጎት ያላችሁም ጻፉልኝ፤ ልጁን ይዤው እመጣለሁ።