ከመዝገብ ወደ ሰሌዳ፤ ስለ ካሽ አሠራርና ስለ ፈተና ውጤት

በዩኒቨርስቲ የተማረ ሰው ሁሉ የማስታወቂያ ሰሌዳን ያውቃል። ዋናው የውጤት መዝገብ የሚገኘው በሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ነው፤ ነገር ግን ተማሪው ሁሉ በየተራው ገብቶ መዝገቡ እንዲገለጥለት ቢጠይቅ፣ ጸሐፊው ሌላ ሥራ ሊሠራ ባልቻለም ነበር። ስለዚህ ውጤቱ አንድ ጊዜ በወረቀት ተገልብጦ በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ሺህ ሰው ቢያነበው መዝገቡ አይነካም። ሆኖም ሰሌዳው አንድ ጉድለት አለው። መምህሩ አንድ ውጤት አርሞ በመዝገቡ ቢያስገባ፣ የተለጠፈው ወረቀት እስኪለወጥ ድረስ የቀድሞውን መናገሩን አይተውም።

የኮምፒዩተር ሊቃውንት ካሽ የሚሉት ከዚህ ሰሌዳ ብዙም የተለየ አይደለም። ድረ ገጽ ጥያቄ ሲቀርብለት መልሱን ከዳታቤዝ ያወጣል፤ ካሽ ማለት ይህ መልስ ለሚቀጥለው ጠያቂ ቀረብ ባለ ቦታ ተገልብጦ መቀመጡ ነው። ቀረብ ያለው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የኮምፒዩተሩ የውስጥ ማስታወሻ ነው። ከማስታወሻ አንድ ነገር ማንበብ ወደ 100 ናኖሰከንድ ሲፈጅ፣ ከሚሽከረከር ዲስክ ማንበብ ወደ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ልዩነቱ 100 ሺህ እጥፍ ያህል ነው። የማይሽከረከረው አዲሱ ዲስክ ይህን ልዩነት እጅግ ቢያጠበውም ጨርሶ አላጠፋውም። አሳቡ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ሞሪስ ዊልክስ ትንሽና ፈጣን ማስታወሻን ከትልቁና ከዝግተኛው ፊት ስለ ማቆም የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ለድረ ገጽ ሥራ ግን በሰፊው የታወቁት ሜምካሽድና ሬዲስ የተባሉት ፕሮግራሞች ናቸው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2003፣ ሁለተኛው በ2009 ወጡ።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለማየት የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የሚነገርበትን ቀን ማሰብ ይበቃል። በ2014 ዓ.ም. ትምህርታቸውን የጨረሱት ተማሪዎች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርስቲው ገብተው ሲፈተኑ ቁጥራቸው ወደ 900 ሺህ ነበር፤ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ። ውጤት በድረ ገጽ፣ በአጭር የስልክ መልእክትና በቴሌግራም ይታያል። ተማሪው፣ ወንድሙና አጎቱ በአንድ ቁጥር ደጋግመው ይጠይቃሉ። ደብረ ታቦር ላይ ገጹ አልከፈት ያለው ልጅ መጀመሪያ የሚወቅሰው ኔትወርኩን ነው። በእርግጥም ኔትወርክ የሚወቀስበት ጊዜ አለ፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። መስመሩ ሲሠራ ግን ምልክቱ ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ ለመድረስ ጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ ነው የሚወስድበት። ደቂቃዎች ሙሉ የሚያስጠብቀው መንገዱ ሳይሆን በዳታቤዙ በር ላይ ያለው ሰልፍ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ሰልፉን እንዴት እናሳንስ? የተለመደው ዘዴ ጥያቄ ሲመጣ ካሹን ማየት፣ ከሌለ ከዳታቤዝ አምጥቶ በካሹ ማኖር ነው። ሁሉም ሰው አንዱን ዜና በሚያነብበት ገጽ ይህ በጣም ይሠራል። ለፈተና ውጤት ግን የመጀመሪያው ሰዓት ላይ አይረዳም፤ ምክንያቱም የእያንዳንዱ ተማሪ ቁጥር የተለየ ስለሆነ፣ ሁሉም የመጀመሪያ ጠያቂ ሆኖ ባዶ ካሽ ያገኛል፤ ሰልፉም እንዳለ ወደ ዳታቤዙ ይዞራል። ስለዚህ ውጤቱ ከመነገሩ በፊት ሁሉንም አስቀድሞ መገልበጥ ይሻላል። የአንድ ተማሪ ስም፣ ቁጥርና የየትምህርቱ ውጤት 300 ባይት ይሁን ብንል፣ የ900 ሺህ ተማሪ 270 ሜጋባይት ይሆናል። ይህ በአንድ ተራ ላፕቶፕ ማስታወሻ የሚገባ ነው። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ አገር የሚያስጨንቀው መዝገብ በመጠኑ ከአንድ ፊልም ያነሰ ነው።

ከዝግታው ይልቅ የሚያሳስበው ግን ካሽ በፍጥነት የሚሰጠው የተሳሳተ መልስ ነው። አንድ ልጅ ውጤቱ ገና ሳይገባ ቁጥሩን ቢጠይቅ፣ ዳታቤዙ «አልተገኘም» ይላል። ፕሮግራሙ ይህንም እንደ ማንኛውም መልስ ቆጥሮ ለአንድ ቀን ቢያስቀምጠው፣ ውጤቱ ከገባ በኋላ እንኳ ያው «አልተገኘም» ይመለሳል። ከስማዳ ወይም ከእብናት ገጠር ኢንተርኔት ፍለጋ ወደ ከተማ የወጣ ልጅ ይህን አንብቦ ቢመለስ፣ የመሳፈሪያውን ገንዘብ ማን ይተካለታል? «አልተገኘም» የሚለው መልስ ጨርሶ ባይቀመጥ፣ ቢቀመጥም ከጥቂት ሰከንድ ባያልፍ ይሻላል።

ሁለተኛው እርማት ነው። ውጤቱ ትክክል አይደለም የሚል ተማሪ ቅሬታ ሲያቀርብ፣ ተመርምሮ ቁጥሩ ሊለወጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ መዝገቡ ይታረማል፣ ከዚያ ግልባጩ ይተካል፤ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥና መዝገቡን የማረሙ ሥራ መካከል ላይ ቢቋረጥ፣ ሰሌዳው በመዝገቡ የሌለ ነገር ይናገራል። ግልባጩ በብዙ ሰርቨር ላይ ካለ ደግሞ እርማቱ ለሁሉም መድረስ አለበት። ለአንዱ ደርሶ ለሌላው ካልደረሰ፣ ተማሪው ገጹን በከፈተ ቁጥር አንድ ጊዜ 298፣ አንድ ጊዜ 301 ያያል፤ ይህ በእኔ ግምት ከአንድ ወጥ ስሕተት የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ተማሪው ከዚያ በኋላ የትኛውንም አያምንም። የመግቢያው ነጥብ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የወደቀ እንደሆነማ ነገሩ የዩኒቨርስቲ ደጃፍ ጉዳይ ነው። ስለሆነም ለእያንዳንዱ ግልባጭ የዕድሜ ገደብ፣ ለምሳሌ 10 ደቂቃ፣ መስጠት የተለመደ ነው፤ የእርማቱ መልእክት ቢጠፋ እንኳ አሮጌው ግልባጭ በራሱ ጊዜ ይወድቃል። የሁሉም ዕድሜ በአንድ ደቂቃ እንዳያልቅ ግን ገደቡን ከፍ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ያው ሰልፍ በየ10 ደቂቃው ይመለሳል።

ከነዚህ ሁሉ ቀላሉና እምብዛም የማይደረገው ግን ከውጤቱ ሥር አንድ መስመር መጨመር ነው፤ ይኸውም ግልባጩ ከመዝገብ የተወሰደበት ቀንና ሰዓት።