ሽፍትነት፣ ውግዘትና መገንጠል

መገንጠል ማለት አንድ ሕዝብ ከነምድሩ ወጥቶ የራሱን መንግሥት ማቆም ነው። ይህን ጽንሰ ሐሳብ ከሽፍትነትና ከሃይማኖት ውግዘት ጋር ማደባለቅ ግን የተለመደ ስሕተት ሆኗል። ዘመነ መሳፍንትን አንዱ ወገን አገር የተገነጣጠለችበት ዘመን ሲለው፣ ሌላው ክፍላተ ሀገሩ ነፃ መንግሥታት ለመሆናቸው ማስረጃ ያደርገዋል። የደብረ ታቦር ታሪክ ለሁለቱም አይመሰክርም።

ደብረ ታቦር የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ነበረች። በ1834 ዓ.ም. የሰሜንና የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በዳግማዊ ራስ ዓሊ ላይ ወደዚህችው ከተማ ዘመቱ። ከግብጽ በቅርቡ የመጡት ጳጳስ አቡነ ሰላማ ከውቤ ወገን ነበሩ፤ ራስ ዓሊ ወደ እስልምና ያደላሉ የሚለው ክስ ተነዛ፤ ውግዘትም እንደ ጦር መሣሪያ አገለገለ። ዓሊ ሸሹ። ይሁንና ውቤ ገና የድላቸውን ግብዣ ሳይጨርሱ የዓሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ማረኳቸው!

ልብ እንበል። ውቤ የዘመቱት ግዛታቸውን ይዘው ለመውጣት አልነበረም፤ የፈለጉት ማዕከሉን ነው። መሳፍንቱ ጎንደር ላይ ሥልጣን አልባ ንጉሠ ነገሥት አስቀምጠው በስሙ ይገዙ ነበር እንጂ ዙፋኑን አላፈረሱም። የበጌምድር ገበሬ በበኩሉ ያሸነፈውንም የተሸነፈውንም ጦር ይቀልብ ነበር።

በሃይማኖቱም ረገድ ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። ተዋሕዶ፣ ቅባትና የጸጋ ልጅ የተባሉት ወገኖች በክርስቶስ ልደትና ቅብዐት ምሥጢር እየተከራከሩ ተወጋገዙ። ካሣ ኃይሉ በ1846 ዓ.ም. በአምባ ጫራ፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛም በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ክርክሩን በመንግሥት ኃይል ዘጉት። ከተከራካሪዎቹ ግን የራሱን መንበር ያቆመ አልነበረም፤ ሁሉም ከእስክንድርያ የሚመጣውን አንድ ጳጳስ ወደራሱ ለመሳብ ይታገል ነበር።

ይህ ጠባይ ከመሳፍንቱ ጋር አልተቀበረም። አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ከተነሡ በኋላ በአገር ቤትና በውጭ የቆሙት ሁለት ሲኖዶሶች ተወጋገዙ፤ ሁለቱም ግን የአንዲቱ ቤተ ክርስቲያን ሕጋዊ ሲኖዶስ እኛ ነን ባዮች ነበሩና በ2010 ዓ.ም. ታረቁ። ማዕከሉን የሚፈልግ ተቀናቃኝ ሊታረቅ ይችላል። ሊወጣ የቆረጠ ሌላ ጥያቄ ያነሣል።

ሌኒን እ.ኤ.አ. በ1914 ይህን ጥያቄ ከፍቺ መብት ጋር አነጻጽሮታል፤ መብቱን መቀበል ትዳሩ ይፍረስ ማለት አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39ም መብቱን በሥርዓት አስሮታል፤ የምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የሚደረግ ሕዝበ ውሳኔ፣ የንብረት ክፍፍል። እንዲህ ያለ ሥርዓት በቃሉ ላይ ተጽፎ ሳለ የአስተዳደር በደል ያስመረረውን ገበሬ ሁሉ ገንጣይ ብሎ መፈረጅ የቃላት ስሕተት ብቻ አይሆንም፤ በምክር የሚፈታውን ጉዳይ ለጦር ማስረከብ ነው። ኤርትራ በሕዝበ ውሳኔ የወጣችው በ1985 ዓ.ም.፣ አንቀጹ ከመጽደቁ በፊት ነው፤ በአንቀጹ መሠረት እስካሁን የተገነጠለ የለም።