ተጨማሪ መረጃ፦ የፀሐይ መውጫን በቆቃ ዳርቻ ፎቶ ማንሳት

ሞጆ ወደብ ቢኖራትም ደረቅ ነው፤ ከጅቡቲ በባቡርና በከባድ መኪና የሚመጣ ኮንቴይነር እንጂ ውኃ አይታይበትም። በአቅራቢያዋ የሚገኘው ቆቃ ሐይቅ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1960 በተጠናቀቀው የአዋሽ ግድብ ነው።

ፀሐይ ከውኃው ማዶ ስትወጣ ለማንሳት በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ቁሙ። ማለዳ ብርሃኗ ረጅም የአየር ንብርብር ስለሚያቋርጥ ሰማያዊው ይበተናል፤ ቀዩና ብርቱካናማው ይደርሰናል። አገራችን ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ፀሐይ ሽቅብ ፈጥና ትወጣለች፤ ቀለሙም ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ተዘጋጁ። የብርሃን መጠኑን ከሰማዩ ለኩ፤ ጀልባና ዓሣ አስጋሪ ጥቁር ቅርጽ ሆነው ይወጣሉ።

ጥንቃቄ፦ በካሜራ መመልከቻ በኩል ፀሐይን በቀጥታ አትመልከቱ፤ ዓይን ትጎዳለች።