ሰለሞንን በዳታቤዝ ውስጥ መፈለግ

አንዱ «ሰለሞን»፣ ሌላው «ሰሎሞን» ብሎ ይጽፋል፤ በንጉሡ ሠ «ሠሎሞን» የሚልም አይጠፋም። ለእኛ ያው አንድ ስም ነው። ኮምፒውተሩ ግን እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠ፣ እንዲሁም ለ እና ሎ በዩኒኮድ የተለያየ ቁጥር ስላላቸው አንዱን የጠየቀውን ሰው ሌላውን አያሳየውም። «ስምዎ የለም» ተብሎ የተመለሰ ባለጉዳይ መዝገቡ እዚያው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ የሚረዱት ምልክቶች ዋይልድካርድ ይባላሉ። አይቢኤም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በተጀመረው የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ፣ በኤስኪውኤል፣ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ «%» በማንኛውም ብዛት ያሉ ፊደላትን ይተካል፣ ምንም ባይኖርም ይቀበላል። «_» ግን የሚተካው አንድ ፊደል ብቻ ነው። በዊንዶውስ የፋይል ፍለጋ ይህንኑ ሥራ «*» እና «?» ይሠሩታል።

እንግዲህ «__ሞን» ብለን እንጠይቅ። ሰለሞን፣ ሰሎሞን፣ ሠሎሞን ሁሉም ይመጣሉ። ፊልሞንም አብሮ ይመጣል፤ እሱም አራት ፊደል ነው፣ መጨረሻውም «ሞን»። በማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ምርጫውን በማዕዘን ቅንፍ ማጥበብ ይቻላል፤ «[ሰሠ][ለሎ]ሞን» ሲባል ፊልሞን ይቀራል።

ከስም ወጥተን ወደ ተራ ቃል ስንገባ አማርኛ ሌላ ፈተና አለው። «ልጅ%» ያለ ሰው «ልጅነት»ን ያገኛል፣ «ልጆች»ን ግን አያገኝም፤ ቃሉ ሲበዛ ጅ ራሱ ጆ ሆኗልና። «ል_%» ብንል ደግሞ ልብ፣ ልምድ፣ ልደት ሁሉ ይግተለተላል። የሚያዋጣው «ል[ጁጃጄጅጆ]%» ነው። «የልጆች» እና «ለልጆች» እንዲገኙ ከፊቱም «%» ይጨመራል፤ እንደ እኔ ግን ይህችን የፊት ምልክት መቆጠብ ነው የሚሻለው።

ምክንያቱም ዳታቤዝ በፍጥነት የሚያገኘው ኢንዴክስ ስላለው ነው፤ ኢንዴክሱም እንደ መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ፊደል ተነሥቶ የተደረደረ ነው። ጥያቄው በ«%» ወይም በ«_» ሲጀምር ያ ድርድር አይረዳውም፤ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ግድ ይሆንበታል። አንድ ሺህ ስም ላይ ልዩነቱ አይታወቅም፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሲሆን ግን ያስጠብቃል። ስለዚህ ሰለሞንን የሚፈልግ ሰው «__ሞን%» ከሚል «ሰ_ሞን%» ወይም «ሠ_ሞን%» ብሎ ሁለቱን አጣምሮ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ ፊልሞንም ሳይጠራ አይመጣም።