መሐመድ የሚባል ሁሉ ዘመድ ነው?

አሰላ ውስጥ መግሪብ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከአጥር ውጭ «መሐመድ!» ብሎ የሚጣራ ሰው አንድ «አቤት» ብቻ አይሰማም። ከግቢው ልጅ፣ ከጎረቤት አባወራ፣ ከመንገድ ሽማግሌ ይመልሱለታል። ከጭላሎ ግርጌ እስከ በቆጂ መሐመድ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል።

ስሙን የያዙት ግን ብዙ ዓይነት ናቸው። የአሰላው ልጅ መሐመድ አማን በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ የ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዚያችው ከተማ በ1972 ዓ.ም. ኦሊምፒክ መሐመድ ከድር በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አግኝቶ ነበር። ቁርኣንን ወደ አማርኛ ከተረጎሙት ቀደምት ዓሊሞች አንዱ ሐጂ መሐመድ ሳኒ ሐቢብ ናቸው። የድሬዳዋው ድምፃዊ ዓሊ ቢራም የአባቱ ስም መሐመድ ነው። አንድ ስም ስላላቸው ግን አንድ ቤተሰብ አይደሉም።

በእኛ አገር ሁለተኛው ስም የአባት እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም ቢደነግግም ልማዱ አልተለወጠም። ልማዳችን ከሃይማኖታችንም ጋር ይስማማል፤ ሱረቱል አሕዛብ ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ያዛል። ሴት ልጅም ብታገባ የአባቷን ስም አትለቅም።

ችግሩ ባሕር ማዶ ይጀምራል። አባት አሕመድ መሐመድ፣ እናት ዘይነብ ዓሊ፣ ልጅ ፋጡማ አሕመድ ቢባሉ፣ የውጭ አገር ሠራተኛ «አንድ ቤተሰብ ናችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ለማቅለል ሲባል ልጅቷ «ፋጡማ መሐመድ» ተብላ ከተመዘገበች፣ ወረቀቱ ላይ የአያቷ ስም የአባቷን ቦታ ይወስዳል። ልጆቿም ስሙን ከወረሱ ከሁለት ትውልድ በኋላ መሐመድ ማን እንደነበሩ የሚያውቅ ላይኖር ይችላል።

አርሲዎች ለዚህ የቆየ መድኃኒት አላቸው፦ ልጅ የአባቶቹን ስም ወደ ላይ እንዲቆጥር ማስተማር። ዝምድናን መቀጠል ትልቅ ምንዳ ባለው በዚህ ወር፣ ተምሩና ሾርባው ከተነሳ በኋላ ልጆቻችንን «የአያትህ አባት ማን ይባላሉ? የእናትሽስ አያት?» ብለን እንጠይቃቸው። መልሱን ካላወቁ ከአጠገባቸው የተቀመጡት አያት ያውቃሉ። እሳቸው እያሉ መጠየቅ ነው።